ሲግል የሚጠፋ፣ ሲቀዘቅዝ የሚነሳ የጎ-ካርት ሞተር፦ ምክንያቱን ማግኘትና መለዋወጫውን መለየት

የመነሻው ጥያቄ። ጠያቂው ባለ ሁለት መቀመጫ አገር አቋራጭ ጎ-ካርት ከሌላ ሰው እጅ ገዝተዋል። ሞተሩ 150 ሲሲ፣ በአየር የሚቀዘቅዝና ኃይሉን በቺንጋ (በጎማ ቀበቶ) የሚያስተላልፍ ነው። ጠዋት ቀዝቃዛ ሳለ ሞተሪኖው (ሞተሩን አዙሮ የሚያስነሳው) ገና ሲነካ ይነሳል፣ ሚኒሞውም (ፔዳሉ ሳይረገጥ የሚሽከረከርበት ዝቅተኛ ፍጥነት) የተረጋጋ ነው፤ ሩብ ሰዓት ያህል በአሸዋና በዳገት ላይ ከተነዳ በኋላ ግን ጉልበቱ ቀስ በቀስ እየወረደ ይሄድና የነዳጅ ፔዳሉ እንደተረገጠ ይጠፋል። ከጠፋ በኋላ ሞተሪኖው ከጠዋቱ ይልቅ ቀለል ብሎት፣ ፈጠን እያለ ቢያዞረውም አይነሳም። ጥላ ሥር ቆሞ እጅ እስኪያስነካ ድረስ ሲቀዘቅዝ ምንም እንዳልነካው ይነሳል። ካንዴላው (ነዳጁን በብልጭታ የሚያቀጣጥለው)፣ የነዳጅ ፊልትሮው (ማጣሪያው) እና ካርቡሬተሩ (ነዳጅና አየር የሚያደባልቀው) በሙሉ በአዲስ ተቀይረዋል፤ ለውጥ ግን አልታየም። በዚህ ላይ የሠሪውን ስም የያዘው ተለጣፊ ስለተላጠ፣ መለዋወጫ ሻጮች ሥሪቱንና ሞዴሉን ሲጠይቋቸው መልስ አጥተዋል።

በጥያቄው ሥር 22 ምላሾች ተሰጥተዋል። ፍሬ ነገራቸውን በቅደም ተከተል አቀርባለሁ፤ የማይረባ ጭቅጭቅ የበዛባቸውን ግን በአጭሩ አልፋቸዋለሁ።

1ኛ ምላሽ። የመጀመሪያው መላሽ ከሰላምታ በኋላ ጥፋቱን በካርቡሬተሩ ላይ ጣሉ። ለወራት የተቀመጠ ቤንዚን ሙጫ የመሰለ ዝቃጭ እንደሚተውና ሚኒሞውን የሚመግበውን ጠባብ ቀዳዳ እንደሚደፍን አስረዱ፤ አዲስ ካርቡሬተርም ቢሆን ከፋብሪካው በትክክል ተስተካክሎ ላይመጣ እንደሚችል አከሉ። የተናገሩት በራሱ እውነት ነው። ሆኖም የሚኒሞው ቀዳዳ የተደፈነበት ሞተር የሚያስቸግረው በዋናነት በቀዝቃዛ ማስነሳትና በሚኒሞ ላይ ነው፤ የጠያቂው ሞተር ደግሞ በእነዚህ በሁለቱም ጤነኛ ነው።

2ኛ ምላሽ። ሁለተኛው በመጀመሪያው ሐሳብ ተስማምተው የራሳቸውን ገጠመኝ ጨመሩ። ካርቡሬተሩን ደጋግመው ካጠቡ በኋላ ችግሩ የነዳጅ ቱቦው ሆኖ ተገኘ፤ ቱቦው ከውጭ ደህና ይመስላል፣ የውስጥ ሽፋኑ ግን ተልጦ መንገዱን ዘግቶ ነበር። ገጠመኙ የተነገረው ካርቡሬተሩን ለመክሰስ ቢሆንም ሲነበብ የሚመሰክረው በተቃራኒው ነው።

3ኛ ምላሽ። የነዳጅ ታንኩን ክዳን የጠቀሱት እኚህ ናቸው። በክዳኑ ላይ ያለችው የአየር ቀዳዳ በአቧራ ከተደፈነች፣ ነዳጁ በወጣ ቁጥር በታንኩ ውስጥ አየር እየሳሳ ይሄድና ፍሰቱ ይቆማል፤ ሞተሩ ሲጠፋ ክዳኑን ከፍቶ ወዲያው ማስነሳት በቂ ፈተና ነው። ገንዘብ የማይጠይቅ፣ በአንድ ደቂቃ የሚያልቅና መልሱ የማያሻማ በመሆኑ እኔ ብሆን መጀመሪያ የማደርገው ይህንን ነበር።

4ኛ ምላሽ። አራተኛው ወደ ነዳጅ ፓምፑ አለፉ። በብዙ ጎ-ካርቶች ላይ ታንኩ ከካርቡሬተሩ ዝቅ ብሎ ስለሚቀመጥ ነዳጁ በራሱ ክብደት ሊወርድ አይችልም፤ ስለዚህ በሞተሩ የመሳብ ምት የሚንቀሳቀስ ስስ ሽፋን ያለው ትንሽ ፓምፕ ይገጠማል። ሽፋኑ ከተቀደደ ወይም ከመግቢያ ቱቦው የሚመጣው ቀጭን ጎማ ከተሰነጠቀ ሞተሩ በከባድ ጭነት ጊዜ ነዳጅ ያጥረዋል። ካርቡሬተሩ ላይ ያለው፣ ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ ተጨማሪ ነዳጅ የሚሰጠው የኤሌክትሪክ ቾክም እንዲፈተሽ መከሩ፦ ቾኩ ኤሌክትሪክ ካልደረሰው ሲሞቅ ስለማይዘጋ ሞተሩ በነዳጅ ይታፈናል፣ ካንዴላውም ጥቁርና እርጥብ ሆኖ ይወጣል።

5ኛ ምላሽ። ከዚህ ላይ የውይይቱ መልክ ይቀየራል። አምስተኛው መላሽ ምንም ሳይገምቱ ሦስት ነገር ብቻ ጠየቁ፦ ሞተሩ ግሎ በጠፋበት ቅጽበት እሳት (የካንዴላ ብልጭታ) አለው ወይ፣ ካርቡሬተሩ ውስጥ ነዳጅ አለ ወይ፣ ኮምፕሬሽኑስ (ፒስቶኑ አየሩን ሲጨምቅ የሚፈጠረው ግፊት) ስንት ነው? ከዚህ ውጭ የሚሰጥ ማንኛውም ምክር ጥንቆላ ነው ብለው ደመደሙ።

6ኛ ምላሽ። ጠያቂው ተመልሰው ምስጋናቸውን ካቀረቡ በኋላ የታንኩን ክዳን ከፍተው መሞከራቸውንና ለውጥ አለመኖሩን ገለጹ። ካንዴላው ደረቅና ቡናማ ሆኖ ወጥቷል። እሳቱንም ፈትሸው ሰማያዊና ጠንካራ ሆኖ አግኝተውታል፤ ይህን ያደረጉት ግን በማግስቱ ጠዋት ነው።

7ኛ ምላሽ። መላሹ ቆጣ ብለው ነው የጻፉት። ጠዋት ላይ ሞተሩ ጤነኛ ስለሆነ ጠዋት የሚደረግ ፍተሻ ጤነኛ ሞተር ከማሳየት ያለፈ ዋጋ የለውም፤ በሽታው የሚታየው ሲግል ነው፣ መለኪያውም መቅረብ ያለበት ያን ጊዜ ነው። አነጋገሩ ሻካራ ቢሆንም ከሃያ ሁለቱ ምላሾች ውስጥ አንዱን ብቻ አስቀር ብባል የማስቀረው ይህንን ነው። ካንዴላው፣ ፊልትሮውና ካርቡሬተሩ ያለ ውጤት የተቀየሩት ሞተሩ በጠፋበት ሰዓት ምን እንደጎደለው ሳይታወቅ በመሆኑ ነው። መሣሪያውን ይዞ መንዳት፣ ሲጠፋ እዚያው መፍታትና መለካት አድካሚ ሥራ መሆኑን አልክድም፤ አድካሚ በመሆኑም አብዛኛው ሰው ጎ-ካርቱን ጎትቶ ወደ ቤት ይመልስና በማግስቱ ይፈትሻል።

8ኛ ምላሽ። የኤሌክትሪክ ዕውቀት ያላቸው ሰው ረጅምና የተሟላ ማብራሪያ ሰጡ። የመዳብ ሽቦው ሽፋን የተጎዳ ጥቅል ሲግል ሊቋረጥ፣ ሲቀዘቅዝ ደግሞ ሊገናኝ ስለሚችል ቦቢናውም (ለካንዴላው ከፍተኛ ቮልት የሚሰጠው ጥቅል) ሆነ በሚሽከረከረው ማግኔት ውስጥ ያሉት ጥቅሎች በዚህ ዓይነት ችግር መጠርጠራቸው ተገቢ ነው። እሳቱን የሚቆጣጠረው ሲዲአይ የተባለው ሣጥን ደግሞ ሁለት ዓይነት ነው፤ አንዱ ኃይሉን በቀጥታ ከማግኔቱ ጥቅል ያገኛል፣ ሌላው ከ12 ቮልት ባትሪ ይመገባል። መሰኪያቸው ቢመሳሰልም አንዱ በሌላው ቦታ አይሠራም፤ አዲስ ሲዲአይ ገዝተው እሳት ያጡ ሰዎች ብዙውን ጊዜ የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። ከማግኔቱ በሚመገበው ዓይነት ላይ ሞተሩ የሚጠፋው ጥቁርና ነጭ መስመር ያለው ሽቦ ከአካሉ ጋር ሲገናኝ ነው። ስለዚህ ያንን ሽቦ ከሣጥኑ ነቅሎ መሞከር የማጥፊያ ቁልፉና መስመሩ ጥፋተኛ መሆን አለመሆናቸውን በአንድ ጊዜ ይለያል፤ ሽቦው ተነቅሎ የተነሳ ሞተር ግን በቁልፉ ስለማይጠፋ በቅድሚያ ሌላ ማጥፊያ ዘዴ መታሰብ እንዳለበት አስጠንቅቀዋል። እሳት ሲፈተሽ ካንዴላው ከሞተሩ አካል ጋር በደንብ መነካካት እንዳለበት፣ ከካንዴላው ቀዳዳም መራቅ እንዳለበት ያሳሰቡትም እኚሁ ናቸው፤ ከቀዳዳው የሚወጣው የቤንዚን ትነት በቀላሉ ይቀጣጠላልና።

9ኛና 10ኛ ምላሽ። ዘጠነኛው መላሽ ይህ ሁሉ ድካም ለምን እንደሚያስፈልግ አልገባቸውም፤ ቦቢናውን፣ ሲዲአዩንና የማግኔቱን ጥቅሎች አንድ ላይ ቀይሮ መገላገል ይሻላል ባይ ናቸው። አሥረኛው እርስዎ ማለቱን ትተው በአንተ ጻፉላቸው፦ በሌላ ሰው ገንዘብ መለዋወጫ መግዛት ቀላል እንደሆነና የጤነኛ ሞተር ዕቃ ጥሎ ርካሽ ቅጂ መግጠም ሁለተኛ ብልሽት መፍጠር እንደሆነ በማያስደስት ቋንቋ ነገሯቸው። ነቀፌታው ከልክ ያለፈ ነው፤ ቁም ነገሩ ግን አይካድም።

11ኛ ምላሽ። ማስነሻ ጋዝ በአየር ፊልትሮው አካባቢና በመግቢያ ቱቦው መጋጠሚያ ላይ እየነፉ የአየር ማስገቢያ ስንጥቅ መፈለግ ይቻላል የሚል ምክር ቀረበ።

12ኛ ምላሽ። ይህን ምክር ሌላ ሰው በብርቱ ተቃወሙ። የጋለ ማርሚታ (የጭስ ማውጫ) አጠገብ ተቀጣጣይ ጋዝ መንፋት እሳት መጋበዝ ነው፤ ስንጥቁ በሳሙና አረፋና በትንሽ የአየር ግፊት፣ ሞተሩ ቀዝቅዞና ጠፍቶ ሳለ ሊገኝ ይችላል። አሥራ አንደኛው ሳይከራከሩ ምክራቸውን መልሰው ወሰዱ።

13ኛ ምላሽ። እስከዚህ ድረስ የጠያቂውን ሁለተኛ ጥያቄ፣ ማለትም ያለ ሞዴል ስም መለዋወጫውን መለየትን፣ ያስታወሰ አልነበረም። አሥራ ሦስተኛው መላሽ ግን በዚያ ላይ ብቻ ጻፉ፤ የጻፉትም በጥንቃቄ ሊነበብ የሚገባው ነው። የጎ-ካርቱ ስም ለሞተሩ መለዋወጫ አስፈላጊ አይደለም። አብዛኞቹ ባለ 150 ሲሲ አገር አቋራጭ ጎ-ካርቶች ጂዋይ6 በመባል የሚታወቀውን፣ መሠረቱ የሆንዳ ንድፍ የሆነውን ሞተር ይጠቀማሉ፤ ብዙ ፋብሪካዎች በየራሳቸው ምልክት ያመርቱታል። በሞተሩ የታችኛው አካል ላይ፣ ብዙውን ጊዜ በጭቃና በዘይት ተሸፍኖ፣ 157ኪውኤምጄ (157QMJ) የሚል ጽሑፍ ተቀርጾ ይገኛል። የመጀመሪያው 1 አንድ ሲሊንደር መሆኑን፣ 57 የሲሊንደሩን ስፋት በሚሊሜትር ያመለክታል፤ ትክክለኛው ስፋት 57.4፣ የፒስቶኑ ጉዞ 57.8 ሚሊሜትር ነው፣ ከዚህም 149.6 ሲሲ ይገኛል። 152ኪውኤምአይ (152QMI) የሚል ከሆነ ሞተሩ 125 ሲሲ ነውና ፒስቶኑና ፋሻው (የፒስቶኑ ቀለበቶች) አይገጥምም። መለዋወጫ ሲታዘዝ መነገር ያለበት ይህ ጽሑፍ ነው። ለቺንጋውም በራሱ በቺንጋው ጀርባ ላይ የታተመው ቁጥር ይበቃል፦ 842-20-30 ማለት ርዝመቱ 842 ሚሊሜትር፣ ስፋቱ 20 ሚሊሜትር፣ የጎኑ ማዕዘን 30 ዲግሪ ማለት ነው፤ የቺንጋ ሽፋናቸው አጭር በሆነ ሞተሮች ላይ 743-20-30 የሚለው ይገኛል። ለማግኔቱ ጥቅሎች ደግሞ ክፍሉ ይከፈትና ጥቅሎቹ ይቆጠራሉ፤ ባለ 8 እና ባለ 11 አሉና፣ የመሰኪያው ቅርጽም ከአሮጌው ጋር ይመሳከራል።

14ኛ ምላሽ። አንድ መላሽ ማረሚያ ጨመሩ። የተቀረጸው ጽሑፍ ሞተሩ ከፋብሪካ ሲወጣ የነበረውን ብቻ ይናገራል፤ የቀድሞው ባለቤት ባለ 61 ሚሊሜትር ሲሊንደር ገጥመውበት ከሆነ ጽሑፉ አይለወጥም። ስለዚህ ፒስቶን ከመታዘዙ በፊት ሲሊንደሩ ይለካ። የኋላ ማርሽ ያላቸው ሞተሮች የማርሽ ሣጥንም ለስኩተር ከተሠራው የተለየ መሆኑን አስታወሱ።

15ኛና 16ኛ ምላሽ። እዚህ ላይ ወሬው ወደ ካቴና፣ ማለትም ኃይሉን ወደ ኋላ አክሱል ወደሚያደርሰው ሰንሰለት፣ ዞረ። አንዱ 420 ካቴና በ428 ፋንታ ሊገባ ይችላል አሉ፣ ሌላው በፍጹም አይገባም አሉ። የሁለቱም የመጋጠሚያ ርቀት 12.7 ሚሊሜትር በመሆኑ ዓይን ይታለላል፤ የ420 የውስጥ ስፋት ግን 6.35 ሲሆን የ428 ደግሞ 7.94 ሚሊሜትር ስለሆነ ጠባቡ ካቴና በወፍራሙ ጥርስ ላይ አይቀመጥም። ሁለተኛው ትክክል ነበሩ። ከዚሁ ጋር የኋላ አክሱል ኩሽኔታ ለጎደለው ሰው በኩሽኔታው ጠርዝ ላይ የተቀረጸውን ቁጥር ማንበብ እንደሚበቃ ተነገረ፤ 6205 የሚል ከሆነ በየትም ቢሠራ ውስጡ 25፣ ውጩ 52፣ ውፍረቱ 15 ሚሊሜትር ነው።

17ኛ ምላሽ። ወደ ዋናው ነገር የመለሱን እኚህ ናቸው፤ ጥያቄውንም ሁለት ጊዜ ያነበቡ ይመስለኛል። ሁላችንም ያለፍነውን አንድ ቃል አነሱ፦ ጠያቂው ሞተሩ ሲግል ሞተሪኖው ፈጠን ብሎ ያዞረዋል ብለዋል። ሞተሪኖ ቀለል የሚለው ፒስቶኑ የሚጨምቀው አየር የሚሸሽበት ቀዳዳ ሲያገኝ ነው። እሳትና ነዳጅ ቢጎድል የማዞሩ ክብደት አይለወጥም ነበር። ስለዚህ ሲግል የሚጠፋው ኮምፕሬሽኑ ነው፤ በዚህ ሞተር ላይ የዚህ የተለመደው ምክንያት ደግሞ የቫልቭ ክፍተት ማነስ ነው። ቫልቩ ከመቀመጫው ጋር ለረጅም ጊዜ ሲጋጭ እየሰመጠ ይሄድና በዘንጉ ጫፍና ዘንጉን ተጭኖ ቫልቩን በሚከፍተው ገፊ መካከል ያለው ክፍተት ይጠባል። በቅዝቃዜ ጊዜ ጥቂት ክፍተት ይኖራል፣ ሞተሩም ይነሳል፤ ሲግል የቫልቩ ዘንግ ይረዝምና ክፍተቱ ያልቃል፣ ቫልቩም ሙሉ በሙሉ ሳይዘጋ ይቀራል። ሲቀዘቅዝ ዘንጉ ያጥርና ሁሉም ወደ ቦታው ይመለሳል። የጭስ ማውጫው ቫልቭ አብልጦ ስለሚግል ቀድሞ የሚጠበው እሱ ነው።

18ኛ ምላሽ። የቫልቭ ችግር ቢሆን ኖሮ ሲንኳኳ ይሰማ ነበር የሚል ተቃውሞ ቀረበ። ብዙ ሰው የሚያምነው ነው፣ ግን የተገለበጠ ነው፦ የሚንኳኳው ክፍተቱ የሰፋ ቫልቭ ሲሆን የጠበበው ዝም ይላል። እንዲያውም ከዚህ በፊት ይንኳኳ የነበረ ሞተር በራሱ ጊዜ ጸጥ ካለ ባለቤቱ መደሰት ሳይሆን መስጋት ይገባዋል። ተቃዋሚው ግን ይህ አልተዋጠላቸውም፤ እስከ መጨረሻውም አልተስማሙም።

19ኛ ምላሽ። የአለካኩን ሥርዓት አንድ ባለሙያ በዝርዝር አስቀመጡ። ሞተሩ ቢቻል አድሮ፣ ፈጽሞ መቀዝቀዝ አለበት። ካንዴላው ይወጣል፣ የቴስታታው (ቫልቮቹ ያሉበት የሲሊንደሩ ራስ) ክዳን ይፈታል፤ ማግኔቱ በቁልፍ እየተዞረ ቲ (T) የሚለው ምልክት በአካሉ ላይ ካለው ጠቋሚ ጋር ይገጣጠማል። ይህ ብቻ አይበቃም፤ በሞተሩ ውስጥ ያለው ካቴና የሚያዞረው የቴስታታው ጥርስ ላይ ያሉት ሁለት ትናንሽ ቀዳዳዎች ከቴስታታው ጠርዝ ጋር እኩል መስመር ላይ መሆን፣ ትልቁ ቀዳዳ ደግሞ ወደ ውጭ መመልከት አለበት። እንዲያ ካልሆነ አንድ ሙሉ ዙር ይጨመራል። ብዙዎች ሁለቱ ገፊዎች መላላታቸውን በእጃቸው ነካክተው ቦታው ትክክል መሆኑን ያረጋግጣሉ፤ ክፍተቱ ያለቀበት ሞተር ግን በትክክለኛው ቦታም ላይ አይላላም፣ ስለዚህ መታመን ያለበት ምልክቱ ነው። ከዚያ ውፍረቱ የተጻፈበት ስስ የብረት ልኬት ይገባል። ባለ 9 ሚሊሜትሩ ዳዶ ይላላና ባለ አራት ማዕዘኑ ማስተካከያ ይዞራል፤ ዳዶው ሲጠብቅ ማስተካከያው አብሮ ስለሚዞር ከጠበቀ በኋላ እንደገና መለካት ግዴታ ነው። ስለ ልኩ የተለያየ ቁጥር ይነገራል፣ በብዛት የሚሰማው ከ0.08 እስከ 0.12 ሚሊሜትር ነው፤ የሞተሩ መመሪያ ካለ የሚበልጠው የመመሪያው ቃል ነው። ለጭስ ማውጫው ወደ ሰፊው ጠርዝ ማድላት ይሻላል፤ ትንሽ ድምፅ ቢኖር ቫልቭ ከማቃጠል ይቀላል።

20ኛ ምላሽ። ጠያቂው በዚህ ጊዜ የተባሉትን ሁሉ አድርገው ነው የተመለሱት። ኮምፕሬሽን መለኪያ ተውሰው፣ ነዳጅ መስጫውን እስከ መጨረሻው ከፍተው፣ መጀመሪያ በቅዝቃዜ 11 ባር ለኩ፤ ከዚያም ነድተው ሞተሩ በጠፋበት ቦታ ላይ እዚያው ካንዴላውን ነቅለው ሲለኩ 5 ባር ሆነ። እሳቱ በዚያው ሰዓት ሰማያዊ ነበር፣ የካርቡሬተሩ ማፍሰሻ ብሎን ሲላላም ነዳጅ ወርዷል። አድሮ ሲለካ የመግቢያው ቫልቭ 0.07 ነበረው፤ በጭስ ማውጫው በኩል ግን ያላቸው ቀጭኑ ልኬት፣ 0.04፣ ከነጭራሹ አልገባም። መግቢያውን በ0.08፣ ማውጫውን በ0.10 አስተካክለው ከወትሮው ረዘም ላለ ጊዜ ቢነዱም ሞተሩ አልጠፋም። ፎቶም አያይዘዋል። የሞተሩን ጽሑፍ በብሩሽ አጽድተው 157ኪውኤምጄ መሆኑን አረጋግጠዋል።

21ኛ ምላሽ። አምስተኛው መላሽ ተመልሰው ደስታቸውን ገለጹ፣ ነገር ግን በፎቶው ላይ ሌላ ነገር አይተዋል። በማግኔቱ ላይ ያለው ማራገቢያ የሚነፋውን አየር ይዞ በሲሊንደሩና በቴስታታው ክንፎች መካከል የሚያሳልፈው የፕላስቲክ ሽፋን የላይኛው ግማሽ የለም። ሽፋኑ ከሌለ ማራገቢያው የሚነፋው አየር ወደ ጎን ይበተናል፤ የጎ-ካርት ሞተር ደግሞ ከሹፌሩ ጀርባ ስለሚቀመጥ ከፊት የሚመጣ ነፋስ እምብዛም አያገኝም። ቴስታታው ከልክ በላይ ሲግል ቫልቩና መቀመጫው ቶሎ ይጎዳሉ፣ ስለዚህ ክፍተቱ ብቻ ተስተካክሎ ሽፋኑ ካልተተካ ያው ችግር ይመለሳል። ሽፋኑ ሁለት ግማሽ በመሆኑ፣ በሞተሩ ጽሑፍ ሲታዘዝ ሁለቱም አንድ ላይ ቢገዙ መጋጠሚያቸው እንደማይለያይ መከሩ።

22ኛ ምላሽ። የመጨረሻው መላሽ ጠንቃቃ ሰው ናቸው። ግሎ የሠራ ቫልቭ ጠርዙ ተቃጥሎ ሊሆን ስለሚችል፣ ሽፋኑ ከተገጠመና ጎ-ካርቱ ጥቂት ከተነዳ በኋላ ኮምፕሬሽኑ በቅዝቃዜም በግለትም ዳግመኛ ይለካ፣ ክፍተቱም ይታይ አሉ። ሁለቱ ልኮች ከተቀራረቡና ክፍተቱ ካልተነቃነቀ ሥራው አልቋል። ክፍተቱ በአጭር ጊዜ እንደገና ከጠበበ ግን ማስተካከያውን ደጋግሞ ማላላት መፍትሔ አይሆንም፤ ቴስታታው ወርዶ የጭስ ማውጫው ቫልቭ መቀየር፣ መቀመጫውም መስተካከል ይኖርበታል፤ ጓርኒሲዮኑም (በቴስታታው ሥር ያለው ማሸጊያ) አሮጌው ሳይመለስ በአዲስ ይተካ። ጠያቂው ሽፋኑን እንዳዘዙና ሲደርስ የሁለቱንም ጊዜ ልክ እዚሁ እንደሚያሰፍሩ በዚያው ምላሽ ሥር አስታውቀዋል።